«ማካካስ» ወይስ «ማቻቻል»? የኒውትሮን ዲቴክተር ኮምፔንሴሽን በአማርኛ

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ወገኖች። ስለ ሪአክተር መለኪያዎች በተጻፈ ጽሑፍ ላይ «ኮምፔንሴሽን» የሚለው «የሲግናል ካሳ» ተብሏል። ካሳ ለተበዳይ የሚከፈል አይደለም እንዴ?

መላሽ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፤ ካሳ በዳይና ተበዳይ ይፈልጋል። ችግሩ አንዱ የፈረንጅ ቃል ሁለት የተለያየ ሥራ መሸከሙ ነው።

የመጀመሪያው የአዮን ቻምበር፣ ማለትም ጨረር ሲያልፍበት የኤሌክትሪክ ጅረት የሚሰጥ በጋዝ የተሞላ ዲቴክተር (የጨረር መለኪያ) ነው። የሪአክተሩ ኃይል የሚታወቀው በኒውትሮኑ ብዛት ነው። ዲቴክተሩ ሁለት ክፍል አለው። በቦሮን-10 የተለበጠው ኒውትሮንንም የጋማ ጨረርንም ይለካል፣ ያልተለበጠው ጋማን ብቻ። የሁለቱ ጅረት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገናኝ ጋማው ይጣፋና ኒውትሮኑ ይቀራል። አዳማ እህል ተራ ጤፍ ከነጆንያው ተመዝኖ የጆንያው ክብደት ሲነሳለት ማለት ነው። ዕዳ ከዕዳ እንደሚቻቻል ይህም «ማቻቻል» ቢባል ያምርበታል። የማቻቻያው ቮልቴጅ ካነሰ ጋማው ይተርፍና ሪአክተሩ ከጠፋ በኋላ ንባቡ አልወርድ ይላል። ከበዛ ደግሞ የኒውትሮኑንም ድርሻ ይበላል፤ ኃይሉ ከሆነው በታች ስለሚታይ የሚያስፈራው ይኼኛው ነው።

ሁለተኛው ሮዲየም ከሚባል ብረት የሚሠራው ዲቴክተር ነው። ሮዲየም-103 ኒውትሮን ሲውጥ ሮዲየም-104 ይሆናል። አብዛኛውን ጅረት የሚሰጠው ቤታ (ኤሌክትሮን) የሚወጣው ግን ይህ ሲፈርስ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ 42.3 ሰከንድ። ኃይሉ ድንገት ቢጨምር ንባቡ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ የዘገየው ነው የሚሟላው። ተማሪ «ቅዳሜ ማካካሻ አለ» እንደሚለው «የመዘግየት ማካካሻ» ልንለው እንችላለን።

አንዲት አባል፦ የቅዳሜው ማካካሻ እኮ ዘግይቶ ነው የሚሰጠው! ይህስ ወዲያው የሚሰላ አይደለም?

መላሽ፦ ወዲያው ነው እህቴ፤ ቃሉ የሚይዘው ግን ጉድለቱ መሞላቱን ነው። ቀላሉ ስሌት እንዲህ ነው፦ 42.3 ለ0.693 ሲካፈል 61 ሰከንድ ይሆናል፤ የጅረቱ የለውጥ ፍጥነት በዚህ ተባዝቶ በራሱ በጅረቱ ላይ ይደመራል። ሳንካው የሲግናሉ ረብሻም አብሮ መባዛቱ ነው። በ1 ሰከንድ የ1 በመቶ መዋዠቅ ውጤቱ ላይ 62 በመቶ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማጣሪያ ይጨመራል፣ ማጣሪያው ሲጠነክር ደግሞ መዘግየቱ ተመልሶ ይመጣል።

ሌላ አባል፦ ለሁለቱም «ማስተካከያ» ብንልስ?

መላሽ፦ እሱን ለካሊብሬሽን እንተወው። ሮዲየሙ ኒውትሮን እየዋጠ በዓመታት ሲመናመን ጅረቱ ይቀንሳል፤ ያ ንባብ የሚታረመው በማስተካከያ ነው።