ለእንጨት በረንዳ ጣውላው ስንት ሳንቲ ይሁን?

የጠባሴ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ባለው የእናቴ ቤት 3 በ4 ሜትር የእንጨት በረንዳ እየሠራሁ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቀው እዚያ ነው፤ የማኅበር ቀን ደግሞ የጠላ ጋኑም የገብስ ኩንታሉም እዚያው ያርፋል። 5 በ7 ሳንቲ ሞራሌ (ጣውላውን ከሥር የሚሸከመው እንጨት) በየሜትሩ በድንጋይ አስደግፌ፣ በሞራሌና በሞራሌ መካከል 60 ሳንቲ ትቼ መትቻለሁ። ጣውላው በሚያዝያ ከራሳችን ማሳ ያስቆረጥነው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ግንዱ ገና አልተሰነጠቀም። አንዱ አናጢ «2 ሳንቲ ይበቃል» አለኝ፤ ሌላው «ከ4 በታች እንዳትነካ» ይላል። ስንት ላስሰንጥቅ? ለእንቁጣጣሽ ባደርስላት ደስ ይለኛል።

አናጢው ከጣርማበር፦
ወንድሜ፣ እናትህን ዕድሜ ሰጥቶ ያቆይልህ። የጣውላ ውፍረት የሞራሌው ርቀት ሳይታይ አይቆረጥም። 2 ሳንቲ ጣውላ ከ40 ሳንቲ ያልበለጠ ርቀት ይፈልጋል፤ 2.5 የሆነው እስከ 50 ይሄዳል። አንተ 60 ላይ ነህ። 2 ሳንቲ ብትመታበት እግር ባረፈ ቁጥር ዝቅ ከፍ ይላል፣ ኩንታል ሲቀመጥበትማ ምስማሩን እየነቀለ ይመጣል።

ወደ 4 ሳንቲ ግን አትሂድ። ለ12 ካሬህ በ2.5 ሳንቲ 0.3 ሜትር ኩብ ጣውላ ይበቃል፤ በ4 ሳንቲ 0.48 ይሆናል። ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲወፍር ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይሰነጠቃል። ከዚያ ይልቅ በየመካከሉ አንድ አንድ ሞራሌ ጨምር። ርቀቱ ከ60 ወደ 30 ሲወርድ፣ ያው ጣውላ በዚያው ጭነት የሚጎብጠው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ውፍረቱን ከ2 ወደ 2.5 ማሳደግ የሚቀንስልህ ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ጋኑን የሚሸከምልህ ሞራሌው ነው።

ስለዚህ የተላገ 2.5 ሳንቲ፣ ስፋቱ ከ12 ሳንቲ ያልበለጠ። ሰፊና ስስ ጣውላ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ጠርዝና ጠርዙ ይነሣል፤ ውሃም መሐሉ ላይ ይተኛል።

እንቁጣጣሹን ግን እርሳው፤ ይህን የምለው ለእናትህ እግር አስቤ ነው። በሚያዝያ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በመስከረም ብትመታው ይጣመማል። በልማድ ለ2.5 ሳንቲ ውፍረት አንድ ዓመት ይሰጠዋል። አሁኑኑ አሰንጥቀህ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ በየድርድሩ መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገባህ ከምረው፤ ከላይ ድንጋይ ጫንበት፤ የጣውላዎቹን ጫፍ ቀለም ቀባው። የደብረ ብርሃን የበጋ ነፋስ ጥሩ ማድረቂያ ነው፣ ፀሐይ ላይ ብቻ አታስጣው። አንዱን ጣውላ ምልክት አድርገህ በየሁለት ሳምንቱ መዝነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል።

መንዜዋ፦
እኔ የምጨምረው ስለ ክፍተቱ ነው። እናትህ ምርኩዝ ይይዛሉ? የሚይዙ ከሆነ በጣውላና በጣውላ መካከል 5 ሚሊ በቂ ነው፤ ውሃው ያልፋል፣ የምርኩዙ ጫፍ አይገባም። ያልደረቀ ጣውላ በ5 ሚሊ የመታ ሰው እንጨቱ ሲኮማተር ክፍተቱ እየሰፋ ይሄድበታል፤ ጋሼ አናጢው እንዳሉት ሳይደርቅ እንዳትነካው። ከሥሩም አየር ይግባ፣ ዙሪያውን በድንጋይ አትድፈነው።

ብሎን ይሻላል፦
በምስማር ፋንታ የማይዝግ ብሎን ተጠቀም፣ በየሞራሌው ላይ ሁለት ሁለት። ለ2.5 ሳንቲ ጣውላ 6 ሳንቲ ርዝመት ያለው ይሆናል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ሳይበሳ ብሎን ቢገባበት ይፈነዳል፤ በተለይ ጫፉ ላይ አስቀድመህ በድሪል ብሳው።

የጠባሴ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ምርኩዝ ትይዛለች። ጋሼ፣ መጋዝ ቤቱ 2.5 ቢሰነጥቅልኝ ሲላግ አያንስም?

አናጢው ከጣርማበር፦
ያንሳል እንጂ! ሲደርቅም ሲላግም ይቀንሳል፤ 2.5 ብለህ ያሰነጠቅኸው በእጅህ ሲገባ 2 ቢሆን ነው። መጋዝ ቤቱን 3 ሳንቲ በለው፣ ስፋቱን 13። ዓመቱ እስኪሞላ በሞራሌዎቹ ላይ እናትህ እንዳይሄዱ አንድ ጠንካራ አግዳሚ ወንበር ከበረንዳው ውጭ ፀሐዩ ጋ አስቀምጥላቸው፤ ተጨማሪዎቹን ሞራሌዎች ግን አሁኑኑ ምታ።