ሲንጀራችን ክር ከታች ያከማቻል፣ ግንቦት 20 ደርሶብናል!

የክበብ ሰብሳቢ፣ ጅማ፦ እባካችሁ ድረሱልን! ሁለት ሦስት ስፌት ይሄድና ቀጥ ይላል። ከሥር ስናየው ክሩ እንደ ጎጆ ተጠላልፏል። ክር ቀየርን፣ ያው ነው። 60 ሞዴስ ቃል ገብተን ያለቀው 22 ብቻ ነው። ቀኑ ከነገ ወዲያ ነው!

የመርካቶው፦ ሞዴስ በሲንጀር ይሰፋል እንዴ? የምን ቀን ነው?

የክበብ ሰብሳቢ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በጥድፊያ ነው የጻፍኩት። የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን። ክበባችን የሚታጠብ ሞዴስ እየሰፋ አጠገባችን ላለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ይሰጣል። ግንቦት 20 የወር አበባ ንጽህና ቀን ነው። መኪናው በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው፣ የአንዷ ጓደኛችን አያት ናቸው ያዋሱን። ጨርቁ ከላይ ፍላኔል፣ መሃል ድርብ ፎጣ፣ ከታች የዣንጥላ ጨርቅ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ መኪናው ይሠራል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሰብሳቢ ማለት ሁሉንም ራሷ የምትሰፋ ማለት አይደለም። 9ኛ ክፍሎች ጨርቅ ይቁረጡ። አንዷ ስንት እንዳለቀ፣ ስንት እንደቀረ በደብተር ትያዝ። ምክትልሽ ደግሞ ዛሬውኑ መኪናው አጠገብ ትቀመጥ። አንቺ 12ኛን ጨርሰሽ ስትሄጂ ክበቡ አብሮሽ እንዳይሄድ። በእኛ ጊዜ ስንት ጥሩ ክበብ እንዲህ ሲበተን አይቻለሁ።

ሐምራዊት፦ ዘይት አድርጉበት።

የአጂፕ ልጅ፦ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ይለቃል።

ወላጅ ነኝ፦ ለምን አትገዙም? ማትሪክ ደርሶ ልጆች ስፌት ላይ ማዋል ተገቢ ነው?

የክበብ ሰብሳቢ፦ እማማ፣ ተገዝቶ የሚሰጠው በአንድ ወር ያልቃል። ይሄኛው እየታጠበ ከዓመት በላይ ያገለግላል። አምና እዚያ ለማስጠናት ስንሄድ አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሁሉም እስኪወጣ ዴስኩ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ከዚያ አራት ቀን አልመጣችም። ማትሪኩንም እናጠናለን።

ሐያት፦ አይዟችሁ! ፍሬወይኒ መብራህቱም መቀሌ ላይ የሚታጠብ ሞዴስ ፋብሪካ ከፍታ ነው በ2012 ዓ.ም. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው። ደግሞ 38 ቀረ አይደል? 19 ልጅ ሁለት ሁለት በእጇ ትስፋ። መርፌ ያልደረሳት ቡና ታፍላ፣ ጅማ ቡና አይጠፋ!

ልብስ ሰፊው፦ የምግብ ዘይት እንዳትነኩ፣ ይደርቅና መኪናውን ያጣብቀዋል። ክር ከታች ሲከማች ሰው የታችኛውን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። ጨርቁን የሚረግጠውን እግር ወደ ላይ አንሺ። የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ እንደ አዲስ አስገቢው። እግሩ ወርዶ ካስገባሽው ማጥበቂያው ላይ ያሉት ሁለት ሳህኖች ስለሚገጥሙ ክሩ መሃላቸው አይገባም። ከዚያ እግሩን አውርጂና ክሩን ሳቢው። ከበድ ካለሽ ገብቷል። መርፌውንም ለውጪው፣ ለዚያ ድርብርብ 16 ቁጥር ይሻላል። ስትጀምሪ የሁለቱንም ክር ጫፍ ወደ ኋላ ያዢ። መዘውሩ ወደ አንቺ ይዙር፣ ጀማሪ ስትረግጥ ወደ ኋላ ይሄድባታል። የዣንጥላ ጨርቁን መሃሉ ላይ በስፒል አትውጉት፣ ያፈሳል።

ሐምራዊት፦ እኔ አሁንም ዘይት ነው የምለው፣ የስፌት መኪና ዘይት።

ነርስ፣ መንደራ፦ ስትሰጧቸው አስተጣጠቡንም አሳዩአቸው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ በሳሙና። ልጆች አፍረው ፍራሽ ሥር ይደብቁታል፣ እርጥቡ እዚያው ይሻግታል። ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የጅማ ግንቦት ዝናብ ስለሆነ ካልደረቀ በፍላኔሉ በኩል በካውያ ይተኩሱት፣ የዣንጥላ ጨርቁን ካውያ እንዳይነካው፣ ይቀልጣል።

የክበብ ሰብሳቢ፦ እግሩ ወርዶ ነበር ያስገባነው!! ምክትሌ እያወጣችው ነው፣ መጣሁ።

ልብስ ሰፊው፦ እንዴት ሆነ?

ልብስ ሰፊው፦ ልጄ፣ እምቢ ካለ ጠረጴዛውን ተዉት። የመኪናውን ራስ ብቻ ፈታችሁ በባጃጅ ወደ ፈረንጅ አራዳ አምጡት። ነገ እስከ ማታ ሱቅ አለሁ፣ ገንዘብ አልቀበልም።