ኢስትሮጅኑ አለኝ፣ ፕሮጄስትሮኑ አለቀብኝ

እህቶቼ፣ 52 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ 16 ወር ሆኖታል፣ ማህፀኔ አልወጣም። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ወላፈን (ድንገት ሰውነትን የሚያነድ ሙቀት) ይቀሰቅሰኛል፣ አንሶላዬ በላብ ይበሰብሳል። ቡና ተውኩ፣ በስስ ነጠላ ተኛሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። በኋላ የማህፀን ሐኪሜ የጡት ምርመራ አድርጋ፣ ግፊቴን ለክታ ሁለት ነገር አዘዘችልኝ፦ በሳምንት ሁለቴ የሚቀየር፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ 50 ማይክሮግራም ኢስትራዲዮል (ኢስትሮጅኑ ይሄ ነው)፣ ከዚያ ማታ ማታ የሚዋጥ 100 ሚሊግራም ፕሮጄስትሮን። ሁለቱንም አሜሪካ ያለችው እህቴ ላከችልኝ። በወሩ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሰው ሆንኩ!

አሁን የሚለጠፈው የሁለት ወር ቀርቶኛል፣ ፕሮጄስትሮኑ ግን አልቋል። ስድስት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁ። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን ስትወስድ የማህፀኗ ውስጠኛ ግድግዳ እየወፈረ ለካንሰር ሊያጋልጣት ስለሚችል የሚለጠፈውንም አቆምኩ። ወላፈኑ በሳምንቱ ተመለሰ። ሐኪሜ ውጭ አገር ሄዳለች፤ ሌላ ሐኪም ጋ የያዝኩት ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ባዶ እጄን መቅረብ አልፈልግም። በፕሮጄስትሮኑ ፈንታ የሜድሮክሲፕሮጄስትሮን እንክብል ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ (የመዳቡ ለዚህ አይሆንም) ታዞላችሁ ከኢስትሮጅን ጋር የተጠቀማችሁ፣ የትኛውን አዲስ አበባ ውስጥ አገኛችሁ?