የእናቴ ክንድ ሳይመታ ይበልዛል፤ የእርጅና ነው ብዬ ልተወው?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በተሁለደሬ ወረዳ፣ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ የ68 ዓመት እናት አሉኝ። እኔ ብቸኛዋ ሴት ልጃቸው ስሆን የምኖረው ኮምቦልቻ ስለሆነ የማያቸው በሁለት ወር አንዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ቡና ሊቀዱልኝ ጀበናውን ከፍ ሲያደርጉ እጅጌያቸው ወደ ኋላ ተንሸራተተና ክንዳቸው ላይ የሲኒ አፍ የሚያህል የበለዘ ቦታ አየሁ፤ መሃሉ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ ወደ ቢጫነት ሄዷል። ከእሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ አዲስ አለ። «ምን መታዎት?» ብላቸው፣ «ምንም አልመታኝ ልጄ፤ መቃኑን ስደገፈው እንኳ ይበልዝብኛል» አሉኝ። ከጥቂት ወራት በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረባቸውም።

ጎረቤቶች ሌሊት ጂን ነክቷቸው ነው ይላሉ። አክስቴ በበኩሏ የተበላሸ ደም ስለሆነ በዋግምት ይውጣላቸው ብላ ሰው አነጋግራለች። ድዳቸው አይደማም፣ አይነስራቸውም፣ ትኩሳትም የላቸውም። ሐኪም ዘንድ ላምጣቸው ወይስ የእርጅና ነው ብዬ ልተወው? ዋግምቱስ ይጎዳቸዋል?

መድኃኒት ቤት ደሴ፦
እህቴ አብሽሪ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣና፣ ዋግምቱን ዛሬውኑ አስቀሪ። ቆዳ የሚበልዘው ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲቀደዱና ደሙ ወደ ዙሪያው ሲሰርግ ነው፤ ይህ እንዳይበዛ የሚከላከሉልን የደም ሥሮቹን ደግፎ የሚይዘው የቆዳ ክፍል፣ ቀዳዳውን ፈጥነው የሚደፍኑት ፕላትሌት የሚባሉት የደም ክፍሎች፣ እንዲሁም አብዛኞቹ በጉበት የሚሠሩት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የተጓደለበትን ሰው ቆዳ በምላጭ በጥቶ መሳብ ደሙ በቀላሉ እንዳይቆም ያደርጋል። የበለዘውም ደም «የተበላሸ» አይደለም፤ ያየሽው ቢጫነት ሰውነታቸው ራሱ እያጸዳው መሆኑን ያሳያል፣ አብዛኛውን ጊዜም በ2 ሳምንት ገደማ ይጠፋል።

ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ስብም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዘመናቸውን በፀሐይ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ክንዳቸውና የእጃቸው ጀርባ በትንሽ ንክኪ ይበልዛል። የእናትሽ ግን የመጣው ከወራት ወዲህ በመሆኑ እኔ በእርጅና ብቻ አላልፈውም። በመጀመሪያ የምጠይቀው የሚወስዱትን መድኃኒት ነው። አስፒሪን ፕላትሌቶችን ከሥራ ውጭ ያደርጋል፤ ኃይሉም መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሰው ሁሉ ለጉልበትና ለወገብ የሚገዛው ዳይክሎፊናክና አይቡፕሮፌንም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፤ የልብ ሕሙማን የሚወስዱት ዋርፋሪን ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እባክሽ የሚውጡትን፣ የሚቀቡትንና የሚወጉትን ሁሉ ሳትንቂ ሰብስቢና ንገሪን።

ተጭነሽው የማይጠፋ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀይ ነጠብጣብ እግራቸው ላይ ካየሽ፣ ነስር አልቆም ካለ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ከከሚሴ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ በቤታችን የደረሰውን ግን ልንገርሽ። ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ይከሳል፤ እኛም ወባ ነው ብለን ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ገዝተን ሰጠነው። እናታችን ልብሱን ስታወልቅለት ጀርባውና ጭኑ በልዞ፣ ሆዱም በግራ ጎኑ ጠጥሮ አየች። ሲመረመር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ጣፊያው ከማበጡ የተነሣ ፕላትሌቱ ወደ 38,000 ወርዶ ነበር፤ የጤነኛ ሰው ከ150,000 እስከ 450,000 ነው አሉን። ታክሞ ድኗል፤ ያባከንናቸው ሳምንታት ግን ዛሬም ይቆጩኛል።

እናትሽ ትኩሳት እንደሌላቸው አንብቤያለሁ። ሆኖም በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ እንዳለ እናውቃለን፤ እሱም ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ጉበትንና ጣፊያን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሆዳቸውን በእጁ ዳስሶ እንዲያይላቸውና ደማቸውም እንዲቆጠር ጠይቂ።

ሐይቅ ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ፤ እግራቸው ላይ ነጠብጣብ የለም። ከራስጌያቸው ካለችው ሙዳይ ውስጥ ግን ግማሹ ያለቀ የዳይክሎፊናክ ልጣጭ፣ ለማሳከክ ክንዳቸውን የሚቀቡት ቤታሜታዞን የሚል ቱቦ፣ እንዲሁም በደብተር ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ስም የሌላቸው ትንንሽ ነጭ ክኒኖች አገኘሁ። ክኒኖቹን ለጉልበት ያድናል ተብለው ከገበያ ከገዙ አምስት ወር አልፏቸዋል። በእርግጥም ጉልበታቸው ተሻለ፤ ፊታቸውም ሞላ ብሎ እኛ ልጆቻቸው ተመቻቸው ብለን ስንደሰት ነበር። አሁን ሁሉንም ልጣለው?

መድኃኒት ቤት ደሴ፦
ክኒኖቹን አትጣያቸው፤ በድንገትም አታስቁሚያቸው። ሳላያቸው ስማቸውን መጥራት አልችልም፤ ነገር ግን የፊታቸው መሙላት፣ የጉልበታቸው ፈጥኖ መሻልና የቆዳቸው መሳሳት አንድ ላይ መምጣታቸው ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች እንዳይሆኑ ያሠጋኛል። እነዚህ መድኃኒቶች ሐኪም ሲያዛቸው ሕይወት ያድናሉ፤ ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰዱ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥርን ድጋፍ ያሳጣሉ፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ቅባቱም ከዚያው ወገን በመሆኑ የሚቀባውን ቦታ ለብቻው ያሳሳዋል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሰውነት ለራሱ ያመርት የነበረውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማምረት ማቆሙ ነው፤ ክኒኑ ባንድ ቀን ቢቋረጥ ማስመለስ፣ ብርቱ ድካምና የግፊት መውረድ ሊመጣና ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ነው የሚያስተዋቸው።

ዳይክሎፊናኩን ግን ከዛሬ ጀምረው ይተዉት፤ ከእነዚህ ክኒኖች ጋር አብሮ ጨጓራን ያደማል። ለጉልበታቸው የጉበት ሕመም ከሌለባቸው ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል። እስከ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ወደ ደሴ አምጫቸው፤ ክኒኖቹን ከነወረቀታቸው ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪና የደም ቆጠራ፣ የስኳር፣ የግፊትና የጉበት ምርመራ ይደረግላቸው።

አዲስ የበለዘውን ቦታ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ያዢላቸው፤ ማሸትና ወጌሻ ዘንድ መውሰድ ደሙን ያስፋፋዋል። ቆዳው እንዳይደርቅ ማታ ማታ ቫዝሊን ቀቢያቸው፤ እንጨት ሲለቅሙም እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ። ቆዳቸው ቢላጥ በንጹሕ ውኃ አጥበሽ የተነሣውን ቆዳ ወደ ቦታው መልሺው እንጂ አትቁረጪው፤ ሲነሣ ቆዳውን ይዞ ስለሚመጣ ፕላስተርም በቀጥታ አትለጥፊበት።

ሐይቅ ዳር፦
ነገ ጠዋት ይዣቸው እመጣለሁ። አክስቴ የጻፋችሁትን ሳነብላት ዋግምቱን ትታ አብሬ እሄዳለሁ ብላለች፤ ለካ እሷም ከዚያው ሰው ክኒን ገዝታ ኖሯል፤ የእሷንም ጠቅልለን እናመጣለን።