የተሰረቀ ዕቃ የሚያስመልስ «አንድሮማሊየስ» የሚባል ጋኔን አለ እንዴ?

ልብስ_ሰፊዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ነኝ። ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ቁልፍ ሰብረው ሁለት የስፌት መኪናና የደንበኛ ጨርቅ ወሰዱብኝ። ለሰርግ የተቆረጠም ነበረበት፤ ስለሱ ባላወራ ይሻለኛል።

ለፖሊስ አመልክተናል። እናቴ ዱዓ አስደርጋለች። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰውዬ አገኘ። ሰውዬው «አንድሮማሊየስ የሚባል 72ኛው መንፈስ አለ፤ ሌባውንም ዕቃውንም ይዞ ይመጣል፤ በመጽሐፈ ሰሎሞን የተጻፈ የአባቶቻችን ጥበብ ነው» ይላል። ክብ ማኅተም የሚመስል ሥዕልም ልኮልናል። 6,000 ብር ጠይቆ ግማሹን እኔ ሳልሰማ ልከውለታል። ቀሪው ሲገባ በቪዲዮ እያየነው ይጠራዋል አሉ። እስከዚያ ሱቅ የሚገቡ የሚወጡ ሰዎችን ስም፣ በተለይ የምንጠረጥረውን፣ ከነፎቶው ላኩ ብሏል።

ባለቤቴ የሚጠረጥረው አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ነው። ሙያ እየለመደ ያለ ልጅ ነው፣ ገና 16 ዓመቱ።

ጥያቄዬ፦ ይህ ስም በእውነት አለ ወይስ ሰውዬው ከኪሱ ያወጣው ነው? ደግሞስ የኛ ነው ወይ? «ተዪው፣ ጸልዪ» ብቻ የሚል መልስ አልፈልግም። እሱንማ እናቴም ብላኛለች።

ሐረጎ_መታጠፊያ
በቪዲዮ ኮል የሚመጣ ጋኔን! እኛ እንኳ ለመደዋወል ኔትወርክ አጥተናል አቦ።

ኮፒ_ቤት_ደሴ
እህቴ፣ አይዞሽ። ስሙ አለ። ሰውዬው አልፈጠረውም። ግን የኛ አይደለም።

እንዴት አወቅህ ለምትሉ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የማላትመው የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የእድር ደንብ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጎረምሶች በፍላሽ የአጋንንት መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ያው አንድ ፒዲኤፍ ነው። ወረቀቱ እስኪወጣ ቆሜ ሳነብ ሳላስበው ነገሩ ገባኝ። ከዚያ እልህ ይዞኝ ሌላ ሌላውንም ፈልጌ አነበብኩ።

መጽሐፉ «ትንሹ የሰሎሞን ቁልፍ» ይባላል። የመጀመሪያው ክፍሉ «ጎኤሺያ» ነው። በሰሎሞን ስም ይጠራ እንጂ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር የተጠናቀረ ነው። የእጅ ጽሑፎቹ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ። ልጆቹ የሚያመጡልኝ አሌስተር ክራውሊ የሚባል እንግሊዛዊ አስማተኛ እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመውን ነው። 72 መናፍስት እንደ አውሮፓ መኳንንት በማዕረግ ተደርድረውበታል፤ ንጉሥ አለ፣ መስፍን አለ። አንድሮማሊየስ የመጨረሻው ነው። ማዕረጉ «ኧርል» ነው፤ የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው። 36 ሌጌዎን ያዝዛል ይላል። የሚመጣው ትልቅ እባብ በእጁ በያዘ ሰው መልክ ነው። ሥራውም ሌባንና የተሰረቀን ዕቃ መመለስ፣ ተንኮልን ማጋለጥ፣ የተቀበረ ሀብት ማሳየት ነው። እስከዚህ ድረስ ሰውዬው የነገራችሁ ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል። አንብቧል ማለት ነው።

አሁን ያልነገራችሁን ልንገርሽ።

ከዚህ መጽሐፍ በፊት ዮሐን ዋየር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1577 የ69 አጋንንት ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ከ72ቱ አብዛኞቹ እዚያ አሉ። አንድሮማሊየስ ግን የለም። ኋላ ላይ ከተጨመሩት አንዱ ነው። ደግሞ ይህ ዋየር ጠንቋይ እንዳይመስልሽ። «ጠንቋይ ናቸው» ተብለው ለሚቃጠሉ አሮጊቶች የተከራከረ ሰው ነው። ዝርዝሩን ያወጣው ሊያጋልጥ ነው። ማንም እንዳይሞክረው ብሎ ከጽሑፉ ቆርጦ ያስቀረው ነገርም አለ። እኔ ከሁሉም ይህን ሰውዬ ወደድኩት።

አጠራሩም ቢሆን ከስልክ ጋር አይገናኝም። ጠሪው ስፋቱ 9 ጫማ የሆነ፣ ወደ 2.7 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ክብ ውስጥ ይቆማል። መንፈሱ የሚታየው ከክቡ ውጪ በተሠመረ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው። ማኅተሙ ከማዕድን ተሠርቶ ይለበሳል እንጂ በፎቶ አይላክም። ኧርል የሚባሉት ደግሞ የሚጠሩት ጫካ ውስጥ ወይም ሰው የማይደርስበት፣ ድምፅ የሌለበት ቦታ ነው ይላል። ደሴ ውስጥ ድምፅ የሌለበት ቦታ ቶሳ ተራራ ላይ ካልወጣሽ በቀር አታገኚም። ይመጣል አይመጣም የሚለውን እኔ አልከራከርም። ሰውዬው ግን የራሱን መጽሐፍ እንኳ አላከበረም።

«የአባቶቻችን ጥበብ» ያለው ነገር በተለይ አናዶኛል። እኛ ዘንድ ሰሎሞን የሌለ ሆኖ አይደለም። ክታብ ያየ ሰው ያውቃል። በባለቤቱ ቁመት ልክ በተቆረጠ ብራና፣ ከነስሙ ይጻፋል። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው ጸሎት ውስጥ ሰሎሞን አጋንንትን በመረብ ያጠምዳል። በሌላው ጸሎት ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት የምትገድለዋን ውርዝልያን በፈረስ ተከትሎ በጦር ይወጋታል። ሱለይማን ጂኖችን ሥራ ያሠራ እንደነበር በቁርኣንም አለ። የእንግሊዞቹ ታሪክ ደግሞ ሰሎሞን 72ቱን በነሐስ ዕቃ አሽጎ ባቢሎን ውስጥ ጥልቅ ሐይቅ ጣላቸው፤ የባቢሎን ሰዎች ሀብት መስሏቸው ሰብረው ለቀቋቸው ይላል። ልዩነቱን አየሽው? ክታቡ ጋኔን ያባርራል፣ ያ መጽሐፍ ይጠራል። እርግጥ እኛም አገር ጋኔን ጎታች ጠፍቶ አያውቅም። ቢሆንም ሁለቱን አንድ አድርጎ መሸጥ ነውር ነው።

ዋናው ነገር ግን ከጻፍሽው ውስጥ ነው። ስም ከነፎቶው ላኩ ብሏል። ለምን? ሌባ የሚያውቅ መንፈስ ካለው የእናንተ ጥርጣሬ ምን ያደርግለታል? ባለቤትሽ የልጁን ስም ይልካል። ከሁለት ቀን በኋላ አንድሮማሊየስ የልጁን ስም ይናገራል። አለቀ።

የመምሬ_ልጅ
ኮፒ ቤት እውነቱን ነው። የኔ አያት ሳይንት ሳሉ «ሌባ ሻይ» ሲባል ያዩ ነበሩ። ዕቃ ሲጠፋ ባለሙያው ይጠራል። ያልደረሰ ልጅ ይመረጥና መድኃኒት ይጠጣል፣ ጭስ ይታጠናል። ልጁ ራሱን ይስታል። ወገቡን በጨርቅ አስረው ባለሙያው ከኋላ ይይዘዋል። እያሸተተ ከቤት ቤት ይዞራል። የገባበት ቤት አልጋ ላይ ከወደቀ ባለቤቱ ሌባ ነው። ክርክር የለም፣ ይከፍላል። በመንግሥትም ይሠራበት ነበር፣ ኋላ ተከለከለ።

አያቴ ይሉ የነበረው፣ ልጁ የሚወድቀው ድሀ ቤት ወይም ባለሙያው የተቀየመው ሰው ቤት ነው። ጨርቁን የያዘው ማን ሆነና! ትልቅ ደጅ ያለው ሰው አልጋ ላይ ወደቀ ሲባል አልሰሙም።

እህቴ፣ ልጁ እናትና አባት አለው ወይ? ሰፈር አንዴ «ሌባ» ካለው ኮምቦልቻ ላይ ማን ሥራ ይሰጠዋል?

ሸጋ_ነገር
እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ውሸት ነው ብላችሁ አትዝጉት። ጎረቤታችን ወርቅ ጠፍቶባት አንድ አዋቂ ዘንድ ሄዳ፣ በነጋታው ወርቁ በር ላይ ተገኝቷል።

የመምሬ_ልጅ
ሄደች መባሉን ሌባው ሰምቶ ፈርቶ ይሆናላ። ለዚያ ጋኔን አያስፈልግም፣ ወሬ ይበቃል።

ኮፒ_ቤት_ደሴ
ልብስ ሰፊዋ፣ ሌላም ነገር አለ። የስፌት መኪና አካሉ ላይ የተመታ ቁጥር አለው። ደረሰኝ ካለሽ እዚያ ላይም ሊኖር ይችላል። የሰረቀ ሰው ቤቱ አስቀምጦ አይሰፋበትም፣ ይሸጣል። የሚሸጠውም እዚያው ኮምቦልቻ ሳይሆን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ነው። ቁጥሩን ለፖሊስም ለስፌት መኪና ጠጋኞችም ስጪ። የሚጠግኑት ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ልብስ_ሰፊዋ
አላህ ይስጣችሁ። ሰውዬውን «አንድሮማሊየስ በ1577ቱ ዝርዝር ውስጥ ለምን የለም?» ብዬ ጻፍኩለት። «ይህ ምሥጢር ነው፣ ለመግለጥ ተጨማሪ 2,000 ብር ያስፈልጋል» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ራሱ ሳቀ። የተላከው 3,000 ግን ሄዷል፣ አይመለስም።

ስም አልላክንም። ባለቤቴ ልጁን አሁንም በጎን ነው የሚያየው። ትናንት ሻይ ስቀዳላቸው ሁለቱም ዝም። ልጁ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። ዛሬ ግን በሰዓቱ መጥቶ ቁልፍ ስፌቱን በእጁ ሲሠራ ዋለ።

የአንዷን መኪና ደረሰኝ አገኘሁ። ሁለተኛዋን ከሰው ነው የገዛኋት፣ ወረቀት የላትም። ግን ፔዳሏ ላይ እኔ ያስበየድኩት ብረት አለ።

ኮፒ_ቤት_ደሴ
ብየዳውን ጻፊው፣ ከቁጥር ይሻላል። የመኪናዎቹ ፎቶ ካለሽ ይዘሽ ነዪ፣ ወረቀቱን በነፃ አባዛልሻለሁ። ሰኞ ገበያ ከመቆሙ በፊት ድረሺ።

ልብስ_ሰፊዋ
እሺ ወንድሜ። በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ልጁንም ይዤው እመጣለሁ፣ ብየዳዋን ከኔ በላይ የሚያውቃት እሱ ነው።