ሰክሮ ሰው ያዋረደን ደጋፊ በአደባባይ ማዋረድ ተገቢ ነውን?

የዳር ወንበር፦
ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ሳላሳጥር ብጽፈው ቅር እንዳይላችሁ እለምናለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋር እግር ኳስ ለማየት ስታዲየም ገብተን ነበር። ጓደኛዬ መጠጣት የጀመረው ገና በጊዜ ስለነበር ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ራሱን ወደማያውቅበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ቡድናችን ግብ ሲቆጠርበት ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መተላለፊያው ወረደ፤ እዚያም ሰው ወደየቦታው እንዲመለስ በትሕትና ይለምኑ የነበሩትን አንድ በዕድሜ የገፉ አስተናባሪ ኮፍያቸውን ከራሳቸው ላይ ነጥቆ፣ በእጁ የያዘውን ቢራ ገልብጦበት መልሶ አጠለቀላቸው። ሰውየው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ኮፍያውን አውልቀው በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ ፊታቸውንም ጠረጉ፤ ከዚያም እርጥቡን ኮፍያ እንደገና አድርገው ወደ ነበሩበት ተመለሱ። በዙሪያው የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

አንድ ተመልካች የቀረጸው ቪዲዮ በማግስቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። የጓደኛዬን ስምና የሥራ ቦታ አውጥተው የለጠፉ፣ ከሥራ እንዲባረር ለአለቆቹ የጻፉ፣ እናቱን ሳይቀር የሰደቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። እሱ ያደረገውን እንደማያስታውስ ይናገራል፤ ቪዲዮውን ካየ ወዲህ ግን ከቤት አልወጣም። ጥፋቱን ላስተባብልለት አልመጣሁም። የምጠይቀው ሕዝቡ እያደረገ ያለው ነገር ተገቢ ነው ወይ ብዬ ነው፤ ተገቢ ካልሆነስ ተገቢው ምን ነበር?

ብርቱካናማ ሰደርያ፦
ወንድሜ፣ እኔ በስታዲየም አስተናባሪነት ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ የምመልስልህ ከእኚያ ሰው ወገን ሆኜ ነው። ለሰው የሚመስለው የሚከፋን በሰካራሙ እንደሆነ ነው፤ ነገር ግን ሰክሮ የሚንገዳገድን ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ስለማንጠብቅበት ስድቡን ቶሎ እንረሳዋለን። አልረሳ የሚለን ሳቁ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ የለበስኩትን ሰደርያ ከኋላ ይዞ ሲጎትተኝና እኔም ደረጃው ላይ በጉልበቴ ስወድቅ፣ ቀና ብዬ ያየሁት የሱን ፊት ሳይሆን ስልካቸውን ወደኔ ያነጣጠሩትን ሦስት ረድፍ ሰዎች ነበር። ከነሱ መካከል አንዲት ሴት ብቻ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወርዳ ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። የጎረምሳውን መልክ ዛሬ ብጠየቅ አላስታውስም፤ የሷን ግን አልረሳሁም።

በሙያችን የምንማረው አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው ሰክሮ ሲያስቸግር መጀመሪያ የምናነጋግረው እሱን ሳይሆን አብሮት የመጣውን ጓደኛውን ነው። አልኮል የሰውን ትኩረት ያጠብበዋል፤ የሰከረ ሰው ነገ የሚመጣውን ጣጣ ማሰብ ይሳነዋል፤ የሚታየውና የሚሰማው አጠገቡ ያለው ነገር ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ሳቅ ከሆነ ሳቁን ይከተላል፤ አጠገቡ ያለው «ተው፣ ተቀመጥ፣ እኒህ ሰው አባትህን ያህላሉ» የሚል የወዳጅ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እየተነጫነጨም ቢሆን ይቀመጣል። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ይሁንና ጓደኛህ ኮፍያውን ነጥቆ ቢራውን እስኪገለብጥ ድረስ ጥቂት ሰኮንዶች ነበሩ፤ በነዚያ ሰኮንዶች ውስጥ ከማንም በላይ ሊደርስለት ይችል የነበረው አንተ ነበርክ። ይህን የምጽፈው ላቆስልህ ሳይሆን ጥያቄውን በቅንነት ስለጠየቅህ ነው።

ምስክር፦
አስተናባሪው ስለ ሳቁ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ስልክ ስላነሡት ሰዎች የጻፉትን ግን እንዳለ ልቀበለው አልችልም። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 2015 የቼልሲ ደጋፊዎች በፓሪስ የምድር ባቡር አንድ ጥቁር መንገደኛ ባቡሩ ውስጥ እንዳይገባ ደጋግመው ሲገፈትሩትና ዘረኛ ዜማ ሲያዜሙ፣ መሳፈሪያው ላይ የነበረ ሌላ መንገደኛ ቀረጻቸው። ተበዳዩ የዚያን ዕለት የደረሰበትን ለቤተሰቡ እንኳ ሳይናገር ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር፤ ክስ ወደ ማቅረብ የሄደው ቪዲዮው በአደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ክለቡ ጥፋተኞቹን ከስታዲየሙ አገደ፤ የፈረንሳይ ፍርድ ቤትም በጥር 2017 በአራት ሰዎች ላይ በገደብ የሚታይ የእስራት ቅጣት ወሰነ። ቀራጩ ስልኩን ኪሱ ከቶ ቢሄድ ኖሮ ያ ሰው ውርደቱን ብቻውን ተሸክሞት ይኖር ነበር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ደግሞ የኔዘርላንዱ ክለብ የፒኤስቪ አይንድሆቨን ደጋፊዎች ለጨዋታ በሄዱባት በማድሪድ፣ በፕላዛ ማዮር አደባባይ ለሚለምኑ ሴቶች ሳንቲም መሬት ላይ እየወረወሩ ሲያፌዙባቸው ታይተዋል። እዚያም ክለቡ ድርጊቱን ያወገዘው ምስሉ ስለነበረ ነው። ስለዚህ የጓደኛዎን ቪዲዮ መቅረጽና ለክለቡ ወይም ለፖሊስ ማቅረብ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሕዝብ አይቶ «ይህ ነውር ነው» ማለቱም ተገቢ ነው። ነውርን ነውር የማይል ሕዝብ ካለ እኚያ አዛውንት በሚቀጥለው ሳምንትም ኮፍያቸውን ይነጠቃሉ።

ቀስ በል፦
ምስክር ያነሡት የፓሪሱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ በማስረጃ የተጣራ ነው። እዚህ የተጠየቀው ግን ማስረጃ ሳይመዘን ስለሚሰጥ ፍርድ ነው፤ ይህ ፍርድ ደግሞ ሰውን እንኳ በትክክል አይለይም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በማያሚ በተካሄደ የቤዝቦል ጨዋታ፣ አንዲት ሴት አንድ አባት ወደ ተመልካቹ የተመታውን ኳስ አንሥቶ ለልጁ ከሰጠው በኋላ ተቆጥታ ኳሱን ስትቀበል የሚያሳይ ቪዲዮ በዓለም ተዳረሰ። ጉዳዩ የመጠጥ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ቁጣው ከነገሩ ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው ሴቶች ላይ አረፈ፣ አንድ የትምህርት ቤቶች አስተዳደርም ሴትየዋ ባልደረባው እንዳልሆነች በይፋ ለማስታወቅ ተገደደ። በስህተት ስሙ የተነሣ ሰው ማንን ይከሳል? የሰደቡት ሰዎች በማግስቱ ወደ ሌላ ቪዲዮ ሄደዋል።

ጥፋተኛው በትክክል ቢታወቅስ? ስታዲየሙ ሊያግደው፣ ፖሊስ ሊከሰው፣ ፍርድ ቤት ሊቀጣው ይችላል፤ እነዚህ ቅጣቶች ሁሉ መጨረሻ አላቸው። ስሙ ከቪዲዮው ጋር ተያይዞ የቀረ ሰው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራ ሲፈልግም፣ ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባም ያው ቪዲዮ ይከተለዋል። እናቱንስ መስደብ ከኮፍያው ጋር ምን ያገናኘዋል? እነዚያ ተሳዳቢዎች ለአዛውንቱ የተቆረቆሩ ይመስላቸዋል፤ ሆኖም ጠያቂው ከጻፉት እንደምረዳው ከመካከላቸው አንድም ሰው «እኚያ አባት እንዴት ናቸው?» ብሎ አልጠየቀም።

የመግቢያ በር፦
ለሁላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ንግግራችን በጠጪው ላይ ብቻ አርፏል፤ የሸጠለት ግን ተረስቷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1974 የአሜሪካው የክሊቭላንድ ቤዝቦል ክለብ ተመልካች ለመሳብ ብሎ አንድ ኩባያ ቢራ በአሥር ሳንቲም በሸጠበት ምሽት፣ ከ25,000 በላይ ሰው ገብቶ በመጨረሻ ሰካራሞች ሜዳውን ወረሩት፤ ዳኞቹም ጨዋታውን አቁመው ለእንግዳው ለቴክሳስ ቡድን ድል ሰጡ። በማግስቱ የተሰደቡት ጠጪዎቹ ነበሩ፤ ኩባያውን ሲሞላ ያመሸው ግን ክለቡ ራሱ ነው። እንግሊዝም በ1985 ባወጣችው ሕግ የእግር ኳስ ተመልካች ሜዳው በሚታይበት ቦታ ሆኖ አልኮል እንዳይጠጣ ከልክላለች።

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ ለቢራው መስጠቴ አይደለም። ሮሊጋን የሚባሉት የዴንማርክ ደጋፊዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዛት እየጠጡ በሰላማዊነታቸው የተመሰገኑ ናቸው፤ ስማቸው ራሱ «ረጋ ያለ» ከሚለው የዴንማርክ ቃል የወጣ ነው። አብረው የሚጠጡት ሰዎች ነውር ብለው የያዙትን ነገር ሰካራሙም ቢሆን አያደርገውም ማለት ነው። ከዚህ አንጻር አስተናባሪው ስለ ሳቁ ያነሡት ነጥብ ከሁላችንም ይበልጥ ወደ ሥሩ የቀረበ ነው።

የዳር ወንበር፦
የሁላችሁንም መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀስ በል፣ የጻፉት ትክክል ነው፤ እስከዚያ ድረስ እኔም ራሴ ስለ አዛውንቱ ሳይሆን ስለ ጓደኛዬ ስም ነበር ስጨነቅ የሰነበትኩት። ብርቱካናማ ሰደርያ ከጻፉልኝ በኋላ ቪዲዮውን እንደገና ከፍቼ አየሁት። ጓደኛዬ ኮፍያውን ነጥቆ ከያዘ በኋላ ዞር ብሎ ወደኛ ይመለከታል፤ እኔ እየሳቅሁ አጨበጭባለሁ፤ ቢራውን የሚገለብጠው ከዚያ በኋላ ነው። ማጨብጨቤን አላስታውስም ነበር፤ እኔ ደግሞ የጠጣሁት ነገር አልነበረም።

ቪዲዮውን ለጓደኛዬ በዚያ ቦታ ላይ አቁሜ አሳየሁት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ አብረን እንሂዳ» አለኝ። ለክለቡ ያደረገውን በጽሑፍ አምኖ ሰጥቷል፤ የሚጥሉበትን እገዳ እንደሚቀበልም ገልጿል፤ እኔም በደብዳቤው ግርጌ ያጨበጨብኩት እኔ መሆኔን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አዛውንቱን ይቅርታ ለመጠየቅ በአለቃቸው በኩል አስጠይቀናል። ሊያዩን ፈቃደኛ ይሁኑ አይሁኑ ገና አልነገሩንም፤ ካልፈለጉ አንሄድባቸውም።