በታዳሽ ኃይል የኦንላይን ማስተርስ፦ ሥራ ሳያቆም የተማረ አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። አዳማ ነው የምኖረው፤ የሶላር ውኃ ፓምፕ እገጥማለሁ። በኤሌክትሪካል ዲግሪ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት «ውኃው ደከመብኝ» ብለው ጠሩኝ። የፓነሉን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ውኃው ወዲያው ጉልበት አገኘ። መረቁኝ። «ስንት ፓነል ብጨምር ሁለተኛውን ማሳ ያጠጣልኛል?» ሲሉኝ ግን በግምት ነው የመለስኩላቸው። ያ እንቅልፍ ነሳኝ። ማስተርስ በኦንላይን ልጀምር አስቤያለሁ። ምን ልይ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ከመመዝገብህ በፊት ስለ አቻ ግምት፣ ማለትም የውጭ ዲግሪ እዚህ አገር እኩል ይቆጠር እንደሆነ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቅ። ክፍያው በዶላር ከሆነ ባንክህንም አናግር። እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ አንድ ሴሚስተር ባክኖብኛል።

መልስ 2፦ የኮርሶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ እይ። ስለ ኃይል ማከማቻና ስለ ግሪድ (የኤሌክትሪክ መስመሮች መረብ) የማያስተምር ከሆነ እለፈው። አጠገብህ ያሉት አዳማ 1 እና አዳማ 2 የነፋስ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ነፋሱ ጋብ ሲል ግን ሌላ ምንጭ መተካት አለበት። ዋናው ትምህርት እሱ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ባንክ እሄዳለሁ። ከገባሁ መመረቂያ ጽሑፌ የእኒያ አባት ማሳ ነው።